አንደኛ የተባለ ሁሉ አንደኛ ይሆናል? የደረጃ ዋጋ ከወይፈን ገበያ እስከ አትሌት ምልመላ

አንበሳሜ ገበያ ወይፈን ሊገዛ የወጣ ገበሬ ደላላ አያጣም። ደላላው ጥርስ ያያል፣ ሻኛ ይዳብሳል፣ ደረትና ሰኮና ይመለከታል፤ ከዚያም «ይኼ አንደኛ ነው» ብሎ ዋጋ ይጠራል። ወይፈኑ ግን ገና ቀንበር አልለመደም። ገዢው የሚከፍለው ለታየው ቁመና ነው፤ የሚፈልገው ደግሞ ያልታየውን እርሻ ነው። አንደኛ የተባለው ወይፈን ሰኔ ላይ ትልም መሀል ቢተኛ፣ ደላላው የድለላውን ተቀብሎ ከሄደ ሰንብቷል።

በወጣት ስፖርተኛ ላይ ገንዘብ የሚያወጣ ክለብ፣ ወኪል ወይም ባለሀብትም የሚገጥመው ይኸው ጥያቄ ነው። ዛሬ የተሰጠ ደረጃ የነገውን ውጤት ምን ያህል ይናገራል?

ጉዳዩ በስፋት የተፈተሸው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር የኮሌጅ እግር ኳስ (ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ዓይነት) ትልቅ ንግድ ነው። ከሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለስፖርተኞቹ በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶለታል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ደረጃ አውጪ ድርጅቶች ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላሉ ተጫዋቾች ኮከብ ይሰጣሉ፤ ከፍተኛው አምስት ኮከብ ሲሆን ይህን የሚያገኙት በየዓመቱ ከሠላሳ ብዙም የማይበልጡ ልጆች ናቸው። ሦስት ኮከብ የሚሰጣቸው ግን እጅግ ብዙ ናቸው።

ውጤቱ በመጀመሪያ እይታ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። አምስት ኮከብ ያለው ልጅ ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ የመግባት ዕድሉ ከባለ ሦስት ኮከቡ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይሁን እንጂ በሊጉ ውስጥ ካሉት ተጫዋቾች መካከል አምስት ኮከብ የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው። ሁለቱም እውነት ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ 20 አንደኛ ደረጃና 400 ሦስተኛ ደረጃ ወይፈኖች አሉ እንበል። ከአንደኞቹ ግማሹ፣ ማለትም 10 ቢሳካላቸውና ከሦስተኞቹ ከሃያ አንዱ፣ ማለትም 20 ቢሳካላቸው፣ ከ30 ጎበዝ በሬዎች 20ዎቹ ከሦስተኛው ደረጃ የወጡ ይሆናሉ። ሆኖም አንድ ወይፈን ብቻ የሚገዛ ሰው ከአንደኞቹ ቢገዛ ዕድሉ አሥር እጥፍ ነው። ደረጃ ስለ ብዛት እንጂ ስለ አንድ ግለሰብ ማረጋገጫ አይሰጥም።

ወደ አገራችን ስንመለስ የእኛ የደረጃ ሠንጠረዥ የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ደራርቱ ቱሉ በ1990 በፕሎቭዲቭ በ10 ሺህ ሜትር የወጣቶች ሻምፒዮን ሆነች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በባርሴሎና የኦሎምፒክ ወርቅ አጠለቀች። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1992 በሴኡል 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትርን ጠቅልሎ ወሰደ፤ በማግስቱ ዓመት የአዋቂዎቹ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ሰለሞን ባረጋም በ2016 የወጣቶችን 5 ሺህ ሜትር አሸንፎ በ2021 በቶኪዮ የ10 ሺህ ሜትር ኦሎምፒክ ወርቅ ወስዷል። እስከዚህ ድረስ ደረጃው አልዋሸም።

ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ስናይ ሌላ ነው። በ2002 በኪንግስተን በ5 ሺህ ሜትር መሠረት ደፋር አንደኛ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ሁለተኛ ነበሩ። ሁለቱም ታላላቅ ሆኑ፤ በኋላ ግን መሠረት ሁለት፣ ጥሩነሽ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ሰበሰቡ። በ2018 በታምፔሬ በዚሁ ርቀት ሦስተኛ የወጣው ኖርዌያዊው ያኮብ ኢንገብሪግትሰን በ2024 በፓሪስ የ5 ሺህ ሜትር ኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሆኗል።

ደረጃ የሚስተው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው ዕድል ነው። በአንድ ቀን ውድድር አንደኛ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ችሎታም አጋጣሚም ገጥመውለት ነው፤ ችሎታው አብሮት ይቀጥላል፣ አጋጣሚው ግን አይደገምም።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ የአንድ ዓመት ብልጫ ትልቅ ጉልበት ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በገጠር የተወለደ ወጣት ትክክለኛ ዕድሜ በወረቀት ማረጋገጥ ቀላል አይደለም። ቀድሞ የጎረመሰው ጎበዝ ይመስላል፤ ሌሎቹ ሲደርሱበት ብልጫው ያልቃል።

ሦስተኛው የተለካው ነገር ከሚፈለገው ጋር አለመገጣጠሙ ነው። ትዕግሥት አሰፋ በ2016 በሪዮ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር። በዚያ ርቀት ብቻ የመዘናት ገዢ በ2023 በበርሊን ማራቶንን በ2:11:53 ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን የምትሰብረውን ሯጭ ያልፋት ነበር።

ልምድ ያላቸው መራጮችም ቢሆኑ አይተርፉም። ለፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ታምራት ቶላ የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ተተክቶ ገባና በ2:06:26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ አሸነፈ። ፌዴሬሽኑ ስህተት ሠራ ማለት አይደለም፤ በላይኞቹ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው ማለት ነው። ጥሩው ውሳኔ ተጠባባቂ መያዙ ነበር።

እንግዲህ በደብረ ታቦርም ሆነ በአዲስ አበባ ለክለብ ወይም ለወጣት ሯጭ ገንዘብ ለማውጣት የሚያስብ ነጋዴ ሦስት ነገር ቢይዝ ይጠቀማል። በመጀመሪያ፣ ደረጃን አይናቅ፤ ከግምት ይሻላል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ዋጋውን ይመልከት። አንደኛ የተባለውን ሁሉም ስለሚሻማበት ደረጃው ገና በግዢው ላይ ተከፍሎበታል። ዕድሉ በእጥፍ የሚበልጥ ልጅ ዋጋው አምስት እጥፍ ከሆነ ርካሹ ሁለተኛው ነው። በሦስተኛ ደረጃ፣ ገንዘቡን በአንድ ስም ላይ አያፍስ፤ ለብዙዎች ጥቂት በጥቂት ሰጥቶ በየዓመቱ እንደገና ይመዝናቸው።

የአንበሳሜ ገበሬ ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ከቻለ ጎረቤቱ ለአንድ ክረምት ጠምዶ ያየውን በሬ ይገዛል፤ ካልቻለም ወይፈኑን ገዝቶ አሮጌውን በሬ ወዲያው አይሸጥም።