የግልጽነት ግዴታና የመረጃ ምንጭ፦ የአሜሪካ የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት ለነዋሪዎችና ለቤተሰቦች ምን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው?

በመንከባከቢያ ተቋም የሚኖር አረጋዊ የሚሰጠውን አገልግሎት መዝኖ ለመፍረድ ብዙ ጊዜ አቅም ያንሰዋል። የማስታወስ ችሎታው የተዳከመ ሰው ሌሊት መድኃኒቱ በሰዓቱ መሰጠቱን ወይም በምን ምክንያት እንደወደቀ ማስረዳት ይቸግረዋል። ቤተሰብም የሚያየው በጉብኝት ሰዓት ያለውን ብቻ ነው። ያልረካ ነዋሪ ተቋሙን ትቶ ወደ ሌላ ይሂድ ቢባል እንኳ ዝውውሩ ራሱ ለደካማ ሰው አደጋ አለው። በሕግ የሚጣል የግልጽነት ግዴታ ይህን የመረጃ ክፍተት ለማጥበብ ይሞክራል። ይህ ጽሑፍ የአሜሪካን የፌዴራል ሥርዓት እንደ አብነት በመውሰድ፣ ግዴታው የታሰበለትን ጥቅም የሚሰጠው በምን ሁኔታ እንደሆነ ያብራራል።

የሕጉ መሠረትና ሦስቱ የማሳወቂያ መንገዶች

የሥርዓቱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የመንከባከቢያ ተቋማት ማሻሻያ ሕግ ነው። ሕጉ ከአንድ ዓመት በፊት የአገሪቱ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባቀረበው የጥናት ሪፖርት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ከተባሉት የመንግሥት የጤና መድን መርሐ ግብሮች ክፍያ የሚቀበሉ ተቋማትን ሁሉ ይመለከታል። ሕጉንና ማስፈጸሚያ ደንቦቹን ተከትሎ መረጃ በሦስት መንገዶች ወደ ነዋሪውና ወደ ቤተሰቡ ይደርሳል።

የመጀመሪያው መንገድ በግል የሚደረግ ማሳወቅ ነው። ነዋሪው ሐኪም ሊያስፈልገው የሚችል ጉዳት ከደረሰበት፣ ጤንነቱ ጉልህ ለውጥ ካሳየ ወይም ሕክምናው በከፍተኛ ደረጃ የሚቀየር ከሆነ ተቋሙ ለራሱ ለነዋሪውና ለወኪሉ ወዲያውኑ መንገር አለበት። ነዋሪው የራሱን የሕክምና መዝገብ እንዲያይ ሲጠይቅ፣ የዕረፍት ቀናት ሳይቆጠሩ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊቀርብለት ይገባል። ነዋሪን ከተቋሙ ለማስወጣት ሲታሰብ ደግሞ በደንቡ ከተዘረዘሩ ልዩ ሁኔታዎች በቀር የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ የማስጠንቀቂያው ቅጂም ለግዛቱ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ እንባ ጠባቂ ይላካል።

ሁለተኛው በተቋሙ ውስጥ በግልጽ ቦታ የሚለጠፍ መረጃ ነው። የመጨረሻው የመንግሥት ቁጥጥር ውጤት ነዋሪዎችና ቤተሰቦች በቀላሉ በሚያገኙት ስፍራ መቀመጥ ሲኖርበት፣ ያለፉት ሦስት ዓመታት ሪፖርቶች ደግሞ ለጠየቀ ሁሉ ይቀርባሉ። በየዕለቱም በእያንዳንዱ ፈረቃ የሠሩ ነርሶችና የነርስ ረዳቶች ብዛት፣ የሠሩት ሰዓትና የነዋሪዎች ቁጥር ይለጠፋል።

ሦስተኛው አገር አቀፍ የመረጃ ቋት ነው። የሜዲኬርና ሜዲኬይድ አገልግሎቶች ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1998 ተቋማትን ለማነጻጸር የሚያስችል የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረ ሲሆን፣ በ2008 ደግሞ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ የሚሰጥ የደረጃ ምደባ ጨመረበት።

ቁጥሩን የጻፈው ማን ነው?

የአገር አቀፉ ቋት ታሪክ የግልጽነትን ዋና ችግር ያሳያል። ለብዙ ዓመታት የሠራተኞች ቁጥር የሚመጣው ተቋማት በዓመታዊው ቁጥጥር ወቅት ከሚሞሉት ቅጽ ነበር። ቅጹ የሚሸፍነው ከቁጥጥሩ በፊት የነበሩትን ሁለት ሳምንታት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ማሻሻያ ሕግ መረጃው ሊመረመር በሚችል የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ እንዲመሠረት አዘዘ፤ አሠራሩም በ2016 ግዴታ ሆነ። በዚህ አዲስ መረጃ የተጠቀሙት ጌንግ፣ ስቲቨንሰንና ግራቦውስኪ እ.ኤ.አ. በ2019 ሄልዝ አፌርስ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ የሠራተኛ ቁጥር ከቀን ወደ ቀን እጅግ እንደሚለዋወጥ፣ ቅዳሜና እሑድ እንደሚቀንስና በቁጥጥር ሰሞን ከፍ እንደሚል አመለከቱ። የቀድሞው ቅጽ ይህን ልዩነት ሊያሳይ የሚችል አልነበረም።

የመውደቅ አደጋን የሚመለከተው መረጃ ግን አሁንም በአብዛኛው በተቋሙ ሪፖርት ላይ የተመሠረተ ሆኖ ቆይቷል። ሳንጋቪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ከ2011 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት በሆስፒታል የክፍያ መዝገብ ላይ የሚታዩ ከባድ ጉዳት ያደረሱ ውድቀቶችን ከተቋማቱ ሪፖርት ጋር አነጻጽረዋል። ተቋማቱ ያሳወቁት 57.5 በመቶውን ብቻ ነበር። መዘዙ ከቁጥር ጉድለት ያለፈ ነው። አደጋን በታማኝነት የሚመዘግብ ተቋም፣ ከሚሸሽገው ተቋም ይልቅ አደገኛ መስሎ ይታያል። ለእናቱ ቦታ የሚፈልግ ልጅ ሁለቱን በደረጃቸው ብቻ ቢያነጻጽር የተሳሳተውን ሊመርጥ ይችላል።

መረጃው መቼና በምን ቋንቋ ይደርሳል?

የኮቪድ 19 ወረርሽኝ የጊዜን ጉዳይ አጉልቶ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2020 በወጣው መመሪያ፣ ከመጨረሻ ስንብትና መሰል ሁኔታዎች በቀር ጉብኝት ሲታገድ፣ ቤተሰቦች በዓይናቸው የሚያረጋግጡበት መንገድ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሜይ 8 ቀን በሥራ ላይ የዋለ ደንብ፣ አንድ ሰው እንኳ በቫይረሱ መያዙ ከተረጋገጠ ወይም በ72 ሰዓት ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ነዋሪዎች ወይም ሠራተኞች አዲስ የመተንፈሻ አካል ሕመም ምልክት ካሳዩ፣ ተቋሙ በማግስቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እስከ ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ለነዋሪዎች፣ ለወኪሎቻቸውና ለቤተሰቦች እንዲያሳውቅ አስገደደ። የማንም ግለሰብ ማንነት እንዳይገለጽም ከለከለ። ደንቡ ለወረርሽኙ ጊዜ የታሰበ ቢሆንም አንድ አብነት ትቷል፦ ቤተሰቡ መረጃ እስኪፈልግ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ተቋሙ በተወሰነ ሰዓት ራሱ እንዲያደርስ አድርጓል።

ሌላው መመዘኛ ቋንቋ ነው። የፌዴራሉ ደንብ መረጃ ነዋሪው በሚረዳው ቋንቋና መልክ እንዲሰጥ ያዛል። ይህ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ አረጋውያን ቀጥተኛ ትርጉም አለው። በእንግሊዝኛ ብቻ የደረሰ የማስወጣት ማስጠንቀቂያ ይግባኝ የማለት መብትን ቢዘረዝርም፣ እንግሊዝኛ ለማያነብ አባት ያ መብት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ትንተና ግልጽነት በሚገለጠው መረጃ ብዛት ብቻ እንደማይለካ ያመለክታል። ሦስት ጥያቄዎች አብረው መነሣት አለባቸው፦ መረጃውን የጻፈው ማን ነው፤ ከውሳኔ በፊት ይደርሳል ወይ፤ ተቀባዩስ ሊረዳው ይችላል ወይ? ከእነዚህም የመጀመሪያው ይቀድማል። በሰዓቱና በሚገባ ቋንቋ የደረሰ የተሳሳተ ቁጥር፣ ቤተሰብን ወደ ተሳሳተ ውሳኔ የሚመራው በበለጠ ፍጥነት ነውና። የሠራተኛ ቁጥር ከተቋሙ ቃል ወደ ደመወዝ ሰነድ መሸጋገሩ ማረጋገጥ እንደሚቻል አሳይቷል፤ የውድቀት መዝገብም ከሆስፒታል መረጃ ጋር በመደበኛነት ቢመሳከር ተመሳሳይ መሻሻል ይጠበቃል።