ስለ ፖሊስ ሽጉጥ አፎት አመራረጥ

የታጠቀ የጸጥታ ጠባቂ በከተማ ሲዘዋወር የሕዝቡ ዐይን የሚያርፈው በሽጉጡ ላይ ነው፤ ሽጉጡ ስላደረበት አፎት የሚያስብ ጥቂት ነው። ግዢ የሚፈጽሙ ሹማምንት እንኳ ስለ መሣሪያው ዓይነት ብዙ ከመከሩ በኋላ አፎቱን በርካሽ ከተገኘበት ያስመጣሉ። ይህ ልማድ የማይገባ መሆኑን ለማስረዳት በካርቱም አጠገብ የሆነ አንድ የታወቀ ነገር አለ።

ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ይኸውም ነሐሴ 28 ቀን 1890 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898)፣ በኪችነር የሚመራው የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ከካርቱም ማዶ በኦምዱርማን አቅራቢያ ከኸሊፋ አብዱላሂ ሠራዊት ጋር ተዋጋ። በ21ኛው የላንሰር ፈረሰኛ ክፍል ተመድቦ የነበረው ወጣት መኮንን ዊንስተን ቸርችል ቀደም ሲል በህንድ አገር ትከሻው ተጐድቶ ስለ ነበረ በጎራዴ መዋጋት አይሆንለትም ነበር፤ ስለዚህ በለንደን አዲስ የማውዘር ሽጉጥ ገዛ። ፈረሰኛው በተነሣ ጊዜ ግን የተመዘዘውን ጎራዴ በግልቢያ ላይ ሳለ ወደ ሰገባው መመለስ፣ ቀጥሎም ሽጉጡን ከእንጨት አፎቱ አውጥቶ ማቀባበል ነበረበት። በ1930 በታተመው የሕይወት ታሪኩ እንደ ገለጸው፣ ይህ ድርብ ሥራ ጊዜ ፈጀበት፤ እስኪፈጸምም ድረስ ወደ ግራው አንዳንድ ጊዜ ከመመልከት በቀር የጦርነቱን ሁኔታ ቀና ብሎ አላየም። እርሱ በደኅና ወጣ፤ ከክፍሉ ግን 21 ሰዎች ሞቱ።

የእንጨቱ አፎት ክፉ ሥራ አልነበረም። ከእጀታው ጋር ሲጋጠም እንደ ጠመንጃ ሰደፍ ሆኖ ያገለግላልና ከሩቅ አነጣጥሮ ለመተኰስ የታሰበ ነው። ለአንድ ሥራ የታሰበ ዕቃ ለሌላው አለመስማማቱ ብቻ ነው ችግሩ።

የፖሊስ ሥራ ደግሞ ከወታደርም ይለያል። ወታደር ባለጋራውን ከፊቱ ያያል፤ ፖሊስ ግን በገበያና በአውቶቡስ ማቆሚያ ከሕዝብ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። ስለዚህ ሽጉጡ ፈጥኖ አለመውጣቱን ከመፍራት ይልቅ የሌላ እጅ እንዳይመነትፈው ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በአሜሪካ ፖሊሶች በገዛ ሽጉጣቸው ስለ ተገደሉ የቀድሞው የኤፍ ቢ አይ ባልደረባ ቢል ሮጀርስ በ1970ዎቹ ዓመታት መቈለፊያ ያላቸውን አፎቶች ሠራ። መፈተኛውም ቀላል ነው፤ አንድ ሰው የባዶውን ሽጉጥ እጀታ ይዞ 5 ሰኮንድ ያህል በኀይል ሲጐትት አፎቱ መልቀቅ የለበትም። ይህን ፈተና ማናቸውም የፖሊስ ጣቢያ ከግዢ በፊት በግቢው ሊያደርገው ይችላል።

ቀበቶውም አይዘንጋ። አፎቱ ጠንካራ ቢሆን ቀበቶው የላላ እንደ ሆነ ሁለቱ አብረው ይነሣሉ። ሳም ብራውን የተባለው የእንግሊዝ መኮንን በ1858 በህንድ ግራ ክንዱን ካጣ በኋላ ሰገባውን የሚይዝበት እጅ ስላልነበረው በትከሻ የሚያልፍ ጠፍር ያለው ቀበቶ አወጣ፤ ይኸው ቀበቶ በስሙ ተጠርቶ በብዙ አገሮች መኮንኖች ዘንድ ተለመደ።

አፎቱ ለዚያው ለሽጉጡ ዓይነት በልክ የተሠራ፣ ቃታውን ፈጽሞ የሚሸፍን፣ ሽጉጡ ከወጣ በኋላም አፉ ክፍት ሆኖ የሚቆይ ይሁን። ለሁሉም ይበቃል ተብሎ በአንድ ልክ በጨረታ የሚገዛ ዕቃ ለማንም አይበቃም። ቈልፎ ባዶውን ሽጉጥ ቍልቍል ማራገፍ፣ በመኪና ተቀምጦ ማውጣት፣ በአንድ እጅ ብቻ መመለስ፣ እነዚህ ሁሉ ይሞከሩ።

እንደ ካርቱም ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል በሚነሣበት አገር ክዳን ያለው የቆዳ አፎት ዛሬም የሚናቅ አይደለም፤ ለመክፈት ቢያዘገይም መሣሪያውን ከአሸዋ ያድናል። በየመንገዱ ለሚቆም ፖሊስ ግን መቈለፊያ ያለው ክፍት አፎት ይሻላል። ቆዳው ከጊዜ ብዛት ለዝቦ አፉ ወደ ውስጥ መታጠፍ የጀመረ አፎት ወዲያውኑ ከአገልግሎት ይውጣ፤ እጥፋቱ ሽጉጡ ሲመለስ ቃታውን ተጭኖ ሊያስተኵሰው ይችላልና። ሌሊትም ሽጉጡ በቆዳ አፎቱ ውስጥ አይደር፤ ቆዳ የላብ እርጥበትና ጨው ስለሚይዝ ብረቱን ያዝገዋል።