ዱላውን የጣለ ገጸ ባሕርይ

መካኒሳ ውስጥ፣ ከአልኮል ፋብሪካው ብዙ ሳይርቅ፣ ማታ ማታ ጀበና ቡና የምጠጣባት ጠባብ ቤት አለች። ቴሌቪዥኑ ከጣሪያው ሥር ተሰቅሏል፤ ድራማ ሲጀምር ባለቤትዮዋ ስኒ ማጠቧን ታቆማለች። አንድ ምሽት የተበደለው ጎረምሳ በዳዩን መሬት ላይ ዘርሮ ዱላ አነሣበት። ቤቱ በአንድ አፍ «በለው!» አለ። ጎረምሳው ዱላውን ወርውሮ ሄደ። «ኤጭ! ለዚህ ነው ሦስት ወር ያስጠበቁን?» አለ ከጎኔ የተቀመጠ ሹፌር፣ ሂሳብ ሊከፍል ኪሱን እየዳበሰ። ባለቤትዮዋ ከሰሉን እያራገበች «ወንድስ እሱ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ድራማ ሳይ ዓይኔ የሚያርፈው ዱላ በማያነሣው ሰው ላይ ሆነ።

ለዚህ ሰው አቋም አማርኛችን ቁርጥ ያለ ስም አላወጣለትም። «ሰላማዊ ትግል» የፖለቲከኛ ቃል ነው። «ትዕግሥት» የቤት ውስጥ ቃል ነው፤ በቀልን የተወ ሰውም፣ አቅም አጥቶ የተቀመጠ ሰውም አንድ ላይ ይጠሩበታል። ለበቀል ግን ቃል አልጠፋንም፤ ደም መመለስ፣ ቂም መወጣት፣ ብድር መክፈል እንላለን። ለዕርቅም እንዲሁ ሽምግልና፣ ካሳ፣ ደም ማድረቅ አለን። ልብ ብሎ ላየው ግን እነዚህ ሁሉ የሚመጡት ጠቡ ከተነሣ በኋላ ነው። ሽማግሌ የሚገባው በሁለት ወገን መካከል ነው እንጂ ገና ከመነሻው «እኔ አልመታም» ያለውን ብቸኛ ሰው የሚያግዝበት ወግ የለውም። በ1966 ዓ.ም. ሚሼል ፓፓታኪስ የሠራው «ጉማ» ፊልም የተነሣውም ከዚሁ ከደም ካሳ ሥርዓት ነው፤ ዛሬ የፊልም ሽልማት በስሙ ይጠራል።

ጦር ያልያዘ ጀግናችንስ? መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጡት አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ፋሺስቶች ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ረሸኗቸው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ በተውኔት ሕያው አደረጋቸው። እጃቸው ላይ መስቀል እንጂ ጠመንጃ አልነበረም። ነገር ግን የቆሙት ከአርበኛው ጋር ነው፤ ለጠላት መገዛትን አወገዙ እንጂ ውጊያን አላወገዙም። ባዶ እጁን የሚሞት ሰው በመድረካችን የሚከበረው ሌላው እንዲታጠቅ ስላደረገ ነው። እዚህ ላይ የቡና ቤቱ ሹፌርም ባለቤትዮዋም ሳይስማሙ አይቀሩም።

ጥያቄው ፊት ለፊት የቆመው ግን በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በአንድ በደል ፊት ሁለት ሰው አቆሙ። ጉዱ ካሳ ያየውን ይናገራል፤ ከባላባቱ ወገን ተቆጥሮ እያለ የወገኑን ግፍ ይዘረዝራል፤ መሣሪያው ምላሱ ብቻ ነው፤ እብድ ይሉታል። አበጀ በለው ደግሞ ታጥቆ ገበሬውን ይመራል፤ ባላባቱን ፊታውራሪ መሸሻንም ጦር ሜዳ ላይ ይማርካቸዋል፤ አይገድላቸውም። ውጤቱን ለሚቆጥር ሰው አበጀ በለው ነው የተሳካለት፤ የጉዱ ካሳ ንግግር አንድም ፊታውራሪ አላስደነገጠም። ሆኖም ሃምሳ ዓመት አልፎ ሰው በየቢሮው ለደፋር ተናጋሪ የሚያወጣው ቅጽል «ጉዱ ካሳ» ነው።

ይህን የጻፉት ደግሞ ጦርነትን በወሬ የሰሙ ሰው አይደሉም። ሐዲስ ከጣሊያን ጋር ተዋግተው፣ ተማርከው፣ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ለዓመታት የታሰሩ አርበኛ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው የልቡን ሐሳብ ጠመንጃ ለማይነካ ገጸ ባሕርይ መስጠቱ እኔን ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው ጉዱ ካሳ ነገሠ፤ ሬዲዮ የድምፅ አገር ነዋ። በቅርቡ በኢቢሲ ተከታታይ ድራማ ሆኖ ሲቀርብ ግን ሚዛኑ መዛባቱ የማይቀር ነበር። ካሜራ ፈረስና ጠመንጃ ይወዳል፤ ቆሞ የሚናገር ሰው ይሰለቸዋል። ዱላ የማያነሣ ሰው በስክሪን ላይ ደካማ የሚመስለው አንድም በዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ገበያው ነው። ሳምንታዊ ድራማ የሚኖረው በቂም ነው። በ«ሰው ለሰው» አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን አስታውሱ፤ አገር ሁሉ እየጠላው በየሳምንቱ ይጠብቀው ነበር። በአሥረኛው ክፍል አንድ ተበዳይ ከልቡ ይቅር ቢል ታሪኩ እዚያው ያልቃል፣ ስፖንሰሩም ይሄዳል። ስለዚህ ይቅርታ ወደ መጨረሻው ክፍል ይገፋል፤ እስከዚያ ሰላም ፈላጊው ወይ ጅል፣ ወይ ታማሚ፣ ወይ ሃይማኖተኛ አያት ሆኖ ይቆያል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለው ተረት ለደራሲዎቻችን አልደረሳቸውም መሰለኝ፤ ቂም ይዞ የሚጸልይ ገጸ ባሕርይ ሞልቷል።

ይባስ ብሎ ትዕግሥቱን የምትሸከመው አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ ናት። ባሏ ይደበድባታል፣ አማቷ ትሰድባታለች፣ እሷ ዓይኗን ጠርጋ ወጥ ታማስላለች፤ ሙዚቃው ቀስ ይላል፣ ተመልካቹም «ቻይ ናት» ይላል። ይህን ሰላማዊነት ብዬ አልጠራውም። መምታት የማይችል ሰው አለመምታቱ ምርጫ አይደለም። ዱላው እጁ ገብቶ፣ በዳዩም ከእግሩ ሥር ወድቆ የሚተው ሰው ነው የሞራል ጥያቄ የሚሆነው።

ጥያቄውም ከባድ ነው፤ አለመግደልህን ማን ይከፍልበታል? የአሜሪካኖቹ ድራማ «ዘ ዎኪንግ ዴድ» በስድስተኛው ምዕራፉ ይህን ጉዳይ ሳያድበሰብስ አንሥቶታል። ሞርጋን ነፍስ ሁሉ ክቡር ነው ብሎ ጠላቱን በሕይወት አስሮ ያስቀምጣል፤ የቡድኑ አባል ካሮል ደግሞ የእሱ ንጽሕና ሌላውን እንደሚያስገድል ታምናለች። በመጨረሻ ሞርጋን ይገድላል፤ የሚገድለውም እሷን ራሷን ለማዳን ነው። በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ያየነው የቱርኩ «ጥቁር ፍቅር» ግን ሌላውን ጫፍ ያሳያል፤ ሁለቱ ባላንጣዎች ከማልና ኤሚር እየተበቃቀሉ ሄደው በአንድ ፍንዳታ አብረው ያልቃሉ። (ገና ላላያችሁት ይቅርታ።)

አገር ውስጥ ጦር አለማንሣትን በእምነት ደረጃ የወረሰ ቤተ ክርስቲያንም አለ። መሠረተ ክርስቶስ ከሜኖናይት ሚሲዮናውያን ሥራ የበቀለ ነው፤ ሜኖናይቶች ደግሞ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሰይፍ አናነሣም ሲሉ የኖሩ ናቸው። ደርግ በ1974 ዓ.ም. ዘጋው፣ መሪዎቹንም አሰረ፤ ተዘግቶም ምእመኑ በየቤቱ እየተሰበሰበ በዛ። ለድራማ ደራሲ እንዲህ ያለ ታሪክ ከየት ይገኛል?

የኔ ሰፈር ግን ከዚህም የሚበልጥ ታሪክ አለው። ከቡና ቤቷ በእግር የሚደረስበት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሴሚናሪ አለ። የዚህች ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ለደርግ አልገበሩም፤ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸውም ምእመኔን ጥዬ አልሄድም አሉ። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነጻነት ግንባር መሥራቾች አንዱ ነበር፤ ጫካ ገባ፣ እዚያው ቀረ። ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ ዘመን፣ አንድ በደል፤ አንዱ መሣሪያ አነሣ፣ አንዱ አላነሣም። ደራሲ ቢፈጥረው ተቀነባበረ ብለን የምንስቅበት ዓይነት ነው። አንዱን ጀግና፣ ሌላውን የዋህ ለማድረግ የቸኮለ ሰው ሁለቱንም አያገኛቸውም።

ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከጸሎት ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ታስረው ዐሥር ዓመት ያህል ወህኒ ቤት ቆዩ። ባላቸው የት እንደተቀበሩ የታወቀው እሳቸው ከእስር ከወጡ በኋላ ነው።