በወንድማማቾች መካከል ስላለው የሥጋ ማኅተም

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የሚኖር ሰው ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራቸውን ትተውበት የሌላ ሰው ኩላሊት ለመቀበል ወደ አዲስ አበባ ቢጓዝ፥ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ ብቻውን አይሄደውም፤ ወንድሞቹንና እኅቶቹን አስከትሎ ነው። ይህ ሕክምና በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር ኩላሊቱ የተገኘው በሕይወት ካሉ ዘመዶች ነበርና። ዘመድ የሚፈለግበትን ምክንያት ሹማምንትም ካህናትም ሊያውቁት ይገባል፤ ባለማወቅ ቤት ሊፈርስ ይችላል።

ከቀይ የደም ሕዋስ በቀር በሰው ገላ ያለው ሕዋስ ሁሉ ማለት ይቻላል፥ ሐኪሞች ኤችኤልኤ የሚሉት ማኅተም በላዩ አለበት። ማኅተሙም ከሕዋሱ ውስጥ የተቆረሰ ጥቂት ፕሮቲን እንደ ደብዳቤ ይዞ ያሳያል። ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ እየዞረ ሁለቱን ባንድነት ያነባል። ማኅተሙ የባለቤቱ ሆኖ ደብዳቤው የቫይረስ የሆነ እንደሆነ ያንን ሕዋስ ያጠፋዋል። ያለ ማኅተም ግን ደብዳቤውን አያነብም። ይህን ነገር ሮልፍ ዚንከርናገልና ፒተር ዶኸርቲ የተባሉ ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 በአውስትራሊያ አገር በአይጥ መርምረው አስረዱ፤ በ1996ም የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ማኅተሙ ራሱ ባዕድ ሲሆን ብዙ ቲ ሴሎች ጠላት የገባ መስሏቸው ይነሣሉ፤ የተተከለ ኩላሊት ከሚጠፋባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ንባቡን የሚማሩት ከደረት አጥንት በስተኋላ ባለው ታይመስ በሚባል ዕጢ ሲሆን፥ የገዛ ሥጋውን በጠላትነት የሚያይ ደቀ መዝሙር አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ሳይወጣ ይሞታል። ከቅኔ ቤትም የጸና ትምህርት ቤት ነው።

ልጅ የማኅተሙን እኩሌታ ከአባቱ፥ እኩሌታውን ከእናቱ ይወርሳል። ስለዚህ ካንድ አባትና ካንድ እናት የተወለዱ ሁለት ልጆች በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከ4 አንድ፥ በእኩሌታ የመግጠም ዕድላቸው ከ4 ሁለት ነው፤ በቀረው አንድ ግን ከቶ አይገጥሙም። እንግዲህ «ከወንድምህ ጋራ አልገጠምህም» የተባለ ሰው በእናቱ ላይ ክፉ ቃል እንዳይናገር ሽማግሌውና የንስሐ አባቱ አስቀድመው ያስረዱት። በወንድማማች መካከል አለመግጠም ብቻውን በእናት ላይ ምስክር አይሆንም። ሳይገጥምም እንኳ ዛሬ በመድኃኒት ርዳታ ንቅለ ተከላው ሊደረግ ይችላል።

መድኃኒቱም የቲ ሴሎችን ቁጣ የሚያበርድ ስለሆነ፥ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ በየዕለቱ ይወሰዳል። ወደ አገሩ ተመልሶ ጤና የተሰማው ሰው ጠበል ልጠመቅ ወይም ጾም ልያዝ ብሎ ክኒኑን ቢያቋርጥ፥ ቲ ሴሎቹ ማኅተሙን እንደ ባዕድ ማየታቸውን አልተዉምና የወንድሙን ስጦታ ሊያጣ ይችላል። ካህኑ ጠበሉን ሳይከለክል ክኒኑን እንዳይተው ይዘዘው፤ ስለ ጾሙም ሰዓት ከሐኪሙ ጋራ ይምከሩበት።