በማን ገንዘብ? የጆርጂያ ሲቪል ማኅበራት የሠላሳ ዓመት ውጣ ውረድ

በካውካሰስ ተራሮች ሥር የምትገኘው ጆርጂያ (አትላንታ ያለችበትን የአሜሪካ ግዛት ማለቴ አይደለም) ሕዝቧ አራት ሚሊዮን አይሞላም። በ1991 ከሶቭየት ኅብረት ከተላቀቀች ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ ሲንከባለልባት ኖሯል፤ መንግሥትን የሚጠይቁ ማኅበራት በማን ገንዘብ ይኑሩ? ጥያቄው ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከስብሰባ አዳራሽ አልፎ አደባባይ ወጥቷል፤ ከአደባባይም ዓቃቤ ሕግ ቢሮ ደርሷል። ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሶቭየት ዘመን ማኅበር አልነበረም ማለት አይደለም። የሠራተኛው፣ የወጣቱ፣ የደራሲው ማኅበር ሞልቶ ነበር፤ ሊቀመንበሩን የሚመርጥለት ግን ፓርቲው ነበር። የደርግ ዘመኖቹን የወጣቶችና የሴቶች ማኅበራት፣ አኢወማንና አኢሴማን፣ የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ እኛ ዘንድ እድሩ ከቀበሌው ጎን እንዳለ መዝለቁ ነው። በየወሩ ከኪሱ እያዋጣ ዳኛና ገንዘብ ያዥ የሚመርጥ፣ ሒሳብ የሚያስመረምር ሰው የማኅበርን ሥራ ከሰፈሩ ይማረዋል። ጆርጂያዊው ግን ሰባ ዓመት ሙሉ የተማረው በዘመዱና በወዳጁ መተማመንን ነው፤ ለማያውቀው ሰው መብት ገንዘብ የማዋጣት ልምድ አልነበረውም።

ነፃነቱም ከጦርነት ጋር መጣ። በአብካዚያና በደቡብ ኦሴቲያ ውጊያ ተካሄደ፤ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ፤ ፋብሪካው ቆመ፤ ዋና ከተማዋ ትብሊሲ ክረምቱን ያለ መብራትና ያለ ማሞቂያ ታሳልፍ ጀመር። ዳቦ ለሚቸግረው ሰው የማኅበር መዋጮ ክፈል አይባልም። ስለዚህ የከፈሉት የአሜሪካና የአውሮፓ ለጋሾች ናቸው። በ1994 የወጣት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተቋቁሞ ጠበቃ ማቆም ለማይችል ሰው በነፃ ይከራከር ጀመር። በ1995 ደግሞ ምርጫ የሚታዘብ ማኅበር ተመሠረተ።

የምርጫ ታዛቢዎቹ ሥራ በ2003 ፍሬ አፈራ። አሠራሩ ቀላል ነው። ታዛቢው ቆጠራው እስኪያልቅ ጣቢያው ውስጥ ይቆያል፤ በተፈረመው ቅጽ ላይ ያለውን ቁጥር ገልብጦ ለማዕከል ያስተላልፋል፤ ማዕከሉም ከተመረጡ ጣቢያዎች የመጣውን ይደምራል። በዚያ ዓመት ኖቬምበር የተደመረው ውጤት ከምርጫ ኮሚሽኑ ጋር አልገጠመም፤ ኮሚሽኑ የፕሬዚዳንት ኤድዋርድ ሸቫርድናዜን ወገን አስቀድሞ ሲያስቀምጥ፣ በታዛቢዎቹ ድምር የመራው የሚኻይል ሳካሽቪሊ ፓርቲ ነበር። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ሸቫርድናዜም ኖቬምበር 23 ሥልጣን ለቀቁ። ይህ የጽጌረዳ አብዮት የሚባለው ነው።

ከድሉ በኋላ የሆነው ብዙም አይወራም፤ እኔ ግን የዛሬው ችግር አንዱ ሥር እዚያ ይመስለኛል። የማኅበራቱ ብርቱ ሰዎች ተሰብስበው መንግሥት ገቡ። አንዳንዱ ሚኒስትር፣ አንዳንዱ የፓርላማ አባል ሆነ። ማኅበራቱ ልምድ ያለው ሰው አጡ፤ ለጋሾችም ገንዘባቸውን ወደ አዲሱ መንግሥት አዞሩ። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በኖቬምበር 2007፣ የዚያው መንግሥት ፖሊስ ሰልፈኛ በኃይል በተነ። ከዋና ከተማው ርቆ ለሚኖረው ገበሬ ማኅበር ማለት ወደ ሥልጣን መወጣጫ ሆኖ ቢታየው አይፈረድበትም።

በ2012 በቢልየነሩ ቢድዚና ኢቫኒሽቪሊ የተመሠረተው «የጆርጂያ ሕልም» ፓርቲ ምርጫ አሸነፈ። መጀመሪያ ላይ ማኅበራቱን ያማክር ነበር፤ ሥልጣኑ እየጸና ሲሄድ ግን ትዕግሥቱ አለቀ። በ2023 መጀመሪያ ከገቢው ከ20 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት ሁሉ በተለየ መዝገብ ይመዝገብ የሚል ረቂቅ ለፓርላማ ቀረበ። በፓርላማው ፊት ባለው የሩስታቬሊ ጎዳና ሕዝቡ ሁለት ሌሊት ውሃና አስለቃሽ ጭስ እየወረደበት ቆመ፤ ረቂቁም ተሳበ። ዓመት ከጥቂት እንዳለፈ ያው ሕግ ተመልሶ መጣ። በዚያ ሰሞን የማኅበር ኃላፊዎች ፎቶግራፋቸው ያለበትና የአገር ጠላት እያለ የሚሰድብ ወረቀት በቢሯቸውና በመኖሪያቸው ተለጥፎ አደረ፤ ለዘመዶቻቸው ሳይቀር የዛቻ ስልክ ተደወለ። ሕጉ ሜይ 14 ቀን 2024 በ84 ድምፅ ጸደቀ። ፕሬዚዳንት ሳሎሜ ዙራቢሽቪሊ አልፈርምም ብለው መለሱት፤ ፓርላማው ውድቅ አደረገባቸው።

መንግሥት የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ግልጽነት። ሕዝቡ ማን ለማን እንደሚከፍል ይወቅ ይላል። ይህ ከአፍ ሲወጣ የሚጠላው የለም። ሆኖም ትልልቆቹ ማኅበራት ለጋሾቻቸውን ቀድሞውንም በድረ ገጻቸው ያወጡ ነበር። ሕጉ የጨመረው የውጭ ኃይል ጥቅም አስፈጻሚ የሚል ስምና 25,000 ላሪ (የጆርጂያ ገንዘብ) የሚደርስ ቅጣት ነው። ሩሲያ በ2012 ያወጣችው ተመሳሳይ ሕግ የት እንዳደረሰ ጆርጂያውያን አይተዋል፤ የስታሊን ዘመን ሰለባዎችን ስም ሲሰበስብ የኖረው «ሜሞሪያል» በዲሴምበር 2021 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ፈርሷል።

ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ሥራ እንዳይሰማራ ከለከለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) እና ለሴቶች በነፃ ጥብቅና ይቆም የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳብ ታገደ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካ በመሐል አሥር ዓመት ባክኗል። በዳይዋን ለመክሰስ ጠበቃ ያጣች ሴት እነዚያን ዓመታት የሚመልስላት የለም።

የጆርጂያ ማኅበራት ድክመት እውነት ነው፤ መሸፈንም አይገባም። አብዛኞቹ ትብሊሲ ተቀምጠው፣ የዓመት ዕቅዳቸውን በለጋሽ መስፈርት ልክ ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ገጠሩ ግን ዝም ያለ እንዳይመስለን። በሪዮኒ ሸለቆ በናማኽቫኒ ሊሠራ የታሰበውን ግድብ የተቃወሙ ነዋሪዎች ድንኳን ተክለው ወራት ቆይተዋል፤ የቱርኩ ኩባንያም በ2021 ውሉን ትቶ ወጥቷል። ከቺያቱራ አጠገብ ያለችው የሹክሩቲ መንደር ነዋሪዎች ደግሞ ከመሬታቸው ሥር በሚቆፈረው የማንጋኒዝ ማዕድን ቤታቸው እየተሰነጠቀ በ2024 ትብሊሲ ድረስ መጡ፤ ፓርላማው ፊት የረሃብ አድማ አደረጉ፤ ከመካከላቸው ከንፈሩን በክር የሰፋ ነበር። እነዚህን ያንቀሳቀሳቸው የለጋሽ ገንዘብ አይደለም። የከተማው ባለሙያና የመንደሩ ቁጣ በጊዜ ቢገናኙ ኖሮ ዛሬ ማኅበራቱን የሚከላከል ሕዝብ ይበዛ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሕጉ ከጸደቀ ወዲህ ነገሩ ከፍቷል። በኖቬምበር 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ኢራክሊ ኮባኺድዜ የአውሮፓ ኅብረት የአባልነት ድርድር እስከ 2028 መጨረሻ ከአጀንዳ ይውጣ ሲሉ ሰልፉ በየሌሊቱ ሆነ። መንገድ የዘጋ ሰልፈኛ ቅጣት ከ500 ወደ 5,000 ላሪ አደገ። በኤፕሪል 2025 መንግሥት ሳይፈቅድ የውጭ ዕርዳታ መቀበል ተከለከለ፤ የተቀበለ እጥፉን እንዲቀጣ ተደነገገ። እስከ አምስት ዓመት እስር የሚያስከትል ሌላ የውጭ ወኪሎች ሕግም በሜይ መጨረሻ ሥራ ላይ ዋለ።

የገንዘቡ ምንጭ ዋናው ነገር እንዳልሆነ የታየው ግን ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። ሰልፈኞች ሲቀጡ አገር ውስጥ ያለውም ስደት ላይ ያለውም ጆርጂያዊ ከኪሱ እያዋጣ ቅጣታቸውን የሚከፍሉ ፈንዶችን ይደግፍ ነበር። ለሠላሳ ዓመት የለም ሲባል የነበረው መዋጮ በመጨረሻ መጣ። በማርች 2025 ዓቃቤ ሕግ ቀደም ብሎ በከፈተው የሳቦታዥ (የአሻጥር) ምርመራ የእነዚህን ፈንዶች ሒሳብ አሳገደ። በኦገስት የሰባት ድርጅቶች ሒሳብ ተከተለ፤ ከሰባቱ አንዱ በ1995 የተመሠረተው የታዛቢዎች ማኅበር ነው። ኦክቶበር 4 ቀን የአካባቢ ምርጫ ሲደረግ የአገሪቱ ነባር ታዛቢ ማኅበራት እንደ ቀድሞው አልተሰማሩም።