ተጫዋቹ በሞተ በ12 ዓመቱ አንጎሉ የሰጠው መልስ

በቴስታ የገባች ጎል ስናይ ሁላችንም ከመቀመጫችን እንነሳለን። እንግሊዛዊው ጄፍ አስትል የሚታወቀው በዚህ ነበር። አጥቂ ነው፣ ኳስ ከላይ ከመጣች የሱ ናት። እ.ኤ.አ. በ1968 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ዌስትብሮም ኤቨርተንን 1ለ0 ሲያሸንፍ ጎሏን ያገባው እሱ ነው (ያቺ እንኳን በእግሩ ናት)።

ታዲያ ይሄ ሰው ገና ሳያረጅ መርሳት ጀመረ። በ2002 ሲሞት 59 ዓመቱ ነበር። ቤተሰቡ የሚያውቁት ሰውየው የመርሳት በሽታ እንዳለበት ነው። የሞቱን ምክንያት ያጣራው መርማሪ ግን በሽታው የመጣው ከሥራው ነው አለ፦ ዓመታት ሙሉ ኳስ በጭንቅላት ከመምታት። በ2014 ደግሞ የግላስጎው ሐኪም ዶ/ር ዊሊ ስቱዋርት አንጎሉን በድጋሚ መርምረው የበሽታውን ትክክለኛ ስም ነገሩ፦ ሲቲኢ።

ሲቲኢ ምንድነው? ጭንቅላት በተደጋጋሚ ሲመታ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ አንጎልን ቀስ እያለ የሚጎዳ በሽታ ነው። ራስን የሚያስት ከባድ ምት ብቻ አይደለም ችግሩ። ምንም ሳይሰማን የሚያልፉት ትናንሽ ምቶችም ይጠራቀማሉ። መጀመሪያ የታወቀው በቦክሰኞች ላይ ነው። ምልክቱ መርሳት፣ ቶሎ መናደድ፣ ድብርት፣ የሐሳብ መበታተን ሊሆን ይችላል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? እነዚህ ምልክቶች በሌላ በሽታም ይመጣሉ። ሲቲ ስካንም ሆነ ኤምአርአይ «አዎ፣ ሲቲኢ ነው» ብሎ አይነግርም። እስከዛሬ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰውየው ከሞተ በኋላ፣ አንጎሉ ሲመረመር ብቻ ነው።

ምርመራው እንዲህ ነው። አንጎሉ በጣም ስስ ሆኖ ይቆረጣል፣ ቀለም ይነካል፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የሚፈለገው ታው የሚባል ፕሮቲን ነው። ታው በጤነኛ አንጎልም አለ፣ ሥራም አለው። ሲበላሽ ግን ይቋጠርና ሴሎቹን ያፍናል። በአልዛይመርም ይቋጠራል፣ የሚገኝበት ቦታ ግን ይለያያል። በሲቲኢ ጊዜ በአንጎል እጥፋቶች ጥልቅ ቦታ፣ በቀጫጭን የደም ሥሮች ዙሪያ ነው የሚሰበሰበው። ይህን ልዩነት ማየት የተቻለው ቤተሰቦች በሐዘናቸው ሰዓት «እሺ፣ መርምሩት» ስላሉ ነው።

ስለ ዓይን ባንክ ሰምታችሁ ይሆናል። የሟች የዓይን ብሌን ለሌላ ሰው ብርሃን ይሰጣል። አንጎል ግን ለማንም አይተከልም። የሚሰጠው መልስ ነው፣ እሱም ለቤተሰቡና ገና ላልታመሙት።

በአሜሪካ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ በዶ/ር አን ማኪ የሚመራ ትልቅ የአንጎል ባንክ አለ። ሰው በቁሙ እያለ ይመዘገባል፣ ሲሞት ቤተሰቡ ይደውላል። ፈቃዱን የሚሰጠውም ቤተሰቡ ነው። አንጎሉ ቶሎ መወሰድ አለበት፤ ፊት አይበላሽም፣ ቀብሩም እንደወትሮው ይሆናል። አንዱ ቡድን ስለ ሟቹ ኑሮ ቤተሰቡን ይጠይቃል፣ ሌላው አንጎሉን ይመረምራል። ሁለቱ ሥራቸውን እስኪጨርሱ አንዱ የሌላውን ውጤት አያይም። እንዲህ የሚደረገው የሚጠብቁትን ነገር «እንዳያገኙ» ነው። በመጨረሻ ውጤቱ ለቤተሰቡ ይነገራል።

አሁን አንድ ቁጥር፣ ግን ሳትቸኩሉ አንብቡት። ባንኩ በ2023 ይፋ እንዳደረገው ከመረመራቸው 376 የቀድሞ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል) ተጫዋቾች አንጎል 345ቱ ላይ ሲቲኢ ተገኝቷል። ይሄ ማለት «ከ10 ተጫዋች 9ኙ ታሟል» ማለት ነው? አይደለም! አንጎል የሚለግሰው አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አይቶ የተጠራጠረ ቤተሰብ ነው። ሶሻል ሚዲያ ላይ ግን ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይቀራል። ለዚህም ነው ተመራማሪዎቹ ጤነኛ የነበሩ ሰዎችን አንጎል፣ ኳስ ነክተው የማያውቁትንም ጭምር የሚፈልጉት። ማነጻጸሪያ ከሌለ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ወደ እኛ ኳስ እንመለስ። በ2019 የዶ/ር ስቱዋርት ቡድን የ7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን መዝገብ ከሌላው ሕዝብ ጋር አነጻጸረ። ተጫዋቾቹ አንጎልን ቀስ በቀስ በሚያመነምኑ በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው 3.5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። መዝገብ አደጋ መኖሩን ይናገራል፤ በሽታው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ግን አንጎሉ ነው። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በልምምድ ላይ ቴስታ እንዳይሠሩ መመሪያ አወጣች።

ይሄን አንብባችሁ ኳስ አቁሙ እያልን አይደለም። የሰፈር ጨዋታ የፕሮፌሽናል ሕይወት አይደለም፣ የተመታ ሁሉም አይታመምም። ግን ጓደኛችሁ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከዞረበት ወይም ከተደናገረ «ጀግና ነው፣ ይቀጥላል» አትበሉ። በቃ ይውጣ። ካስመለሰው ወይም ራስ ምታቱ ከባሰ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ስለ ሴቶች የሚታወቀው ደግሞ ገና በጣም ትንሽ ነው። ሲቲኢ የተገኘባት የመጀመሪያዋ ፕሮፌሽናል ሴት ስፖርተኛ አውስትራሊያዊቷ ሄዘር አንደርሰን ናት። በ2022 በ28 ዓመቷ ሞተች፣ ውጤቱ የተነገረው በ2023 ነው። ሊታወቅ የቻለውም ቤተሰቧ አንጎሏን ለምርምር ስለሰጡ ነው።