ሕፃን ሲያቀረሽ፤ መድኃኒት ይቅደም ወይስ ጊዜ?

አራስ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ምክር ይዞ መሄዱ የተለመደ ነው። ሕፃኑ ጠብቶ እንደጨረሰ በእናቱ ትከሻ ላይ ካቀረሸ፣ አንዷ ጎረቤት «ወተትሽ ከብዶት ነው» ትላለች። ሌላዋ «ብርድ መቶት ነው» ትላለች። አያት «እንጥሉ ወርዶ ይሆናል፣ የሚያውቅ ሰው ይየው» ይላሉ። ከአሜሪካ የሚደውለው አጎት ደግሞ «እዚህ ሪፍለክስ ይሉታል፣ መድኃኒት አለው፣ ሰው ሲመጣ እልካለሁ» ይላል። ወላጅ ተጨንቆ ክሊኒክ ሲደርስ የሚያቀርበው ጥያቄም በአብዛኛው አንድ ነው፤ «ምን ይታዘዝለት?»

ከዚህ ጥያቄ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት፤ ሕፃኑ የሚታዘዝለት ነገር ያስፈልገዋል ወይ?

የዚህ አምድ ጸሐፊ ያጠናው ሕግ እንጂ ሕክምና አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የሰፈረው የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት በመመሪያዎቻቸው የተስማሙበትን ለወላጅ በሚገባ ቋንቋ ለማቅረብ የተደረገ ሙከራ ነው፤ የሐኪምን ምርመራ አይተካም። ከሕግ የምዋሰው አንድ ሐሳብ ግን አለ፤ የማስረዳት ሸክም። ከሳሽ ክሱን የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት ሁሉ፣ ለሁለት ወር ሕፃን ሊሰጥ የታሰበ መድኃኒትም ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ የማስረዳት ሸክሙ የራሱ ነው። ሕፃኑ ቀርቦ የመከራከር አቅም የለውምና።

ቅርሻት ለምን ይመጣል?

የምግብ ቧንቧና ጨጓራ በሚገናኙበት ቦታ ቀለበት መሳይ ጡንቻ አለ። ምግብ ሲወርድ ይከፈታል፣ ከወረደ በኋላ ይዘጋል። በሕፃናት ላይ ይህ በር ገና አልጠነከረም፤ ያለ ጊዜውም ይላላል። ቧንቧው አጭር ነው፣ ምግቡ ሁሉ ፈሳሽ ነው፣ ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው። በዚህ ላይ የሚጠጣውን መጠን እናስብ። ጥቂት ወራት ያስቆጠረ ሕፃን በቀን፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት ይወስዳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ በዚሁ ስሌት ቢጠጣ በቀን ከ10 ሊትር በላይ ወተት ይደርሰዋል። ይህን ሁሉ ጠጥቶ በጀርባው የተኛ ጎልማሳ ቢያቀረሽ የሚገረም ሰው አይኖርም።

እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የ948 ጤነኛ ሕፃናትን ወላጆች ጠይቆ ነበር። ከሦስት ወር በታች ከሆኑት ግማሽ ያህሉ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያቀረሻሉ። በአራተኛው ወር ቁጥሩ ወደ 67 በመቶ ከፍ ይላል። ከ10 እስከ 12 ወር በሆናቸው ዘንድ ግን ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። በመሃል ሕፃኑ መቀመጥ ጀምሯል፣ ጠንከር ያለ ምግብ ቀምሷል፣ ጡንቻውም በርትቷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ከነዚህ ቁጥሮች አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ቅርሻቱ በበረታበት በአራተኛው ወር መድኃኒት የጀመረ ሕፃን በስድስተኛውና በሰባተኛው ወር ይሻለዋል። መድኃኒቱን ያልጀመረውም ይሻለዋል። ወላጅ ግን ምስጋናውን ለጠርሙሱ ይሰጣል፤ ለሚቀጥለው አራስ ቤትም ይዞት ይሄዳል። «የጎረቤቴን ልጅ አድኖታል» የሚለው ምስክርነት እንደ ማስረጃ የማያስተማምነው ለዚህ ነው።

ቅርሻቱ በሽታ የሚሆነው መቼ ነው?

ሐኪሞች ሪፍለክስንና የሪፍለክስ በሽታን ይለያያሉ። ልዩነቱ በሚወጣው ወተት ብዛት አይለካም፤ አንድ ማንኪያ ወተት ልብስ ላይ ሲፈስ ብዙ ይመስላል። መለኪያው ሕፃኑ ራሱ ነው። ክብደቱ ይጨምራል? በፍላጎት ይጠባል? ካቀረሸ በኋላ ተመልሶ ይጫወታል? ለነዚህ ጥያቄዎች መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ችግሩ የልብስ አጠባ ችግር ነው። ክብደት ሳይጨምር የቀረ፣ ጡት ሲቀርብለት ጀርባውን ወደ ኋላ እየለጠጠ የሚሸሽ፣ በሚመገብበት ጊዜ ሁሉ የሚንቀው ወይም በተደጋጋሚ የሚያስለው ሕፃን ግን መመርመር አለበት። በጤና ጣቢያው የዕድገት መከታተያ ካርድ ላይ ያለው የክብደት መስመር ከጎረቤት ሁሉ አስተያየት የበለጠ ይናገራል።

ለቅሶ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጤነኛ ሕፃናትም ለቅሷቸው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ እየጨመረ ሄዶ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ይረግባል። ቅርሻትና ለቅሶ በአንድ ዕድሜ ስለሚበረቱ አንዱ የሌላው ምክንያት ይመስላሉ እንጂ ሁልጊዜ ዝምድና የላቸውም።

«ጊዜ ይፈታዋል» የማይባልባቸው ምልክቶችም አሉ። አረንጓዴ፣ ሐሞት የተቀላቀለበት ትውከት የአንጀት መታጠፍ ወይም መዘጋት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ያስኬዳል። ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ወተቱ እየተወረወረ የሚወጣ፣ ካስታወከም በኋላ ወዲያው የሚርበው ሕፃን የጨጓራው መውጫ ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ደም ያለበት ትውከት ወይም ሰገራ፣ ትኩሳት፣ ያበጠ ሆድ፣ ያበጠ እርግብግቢት፣ መፍዘዝና የሽንት መቀነስም ቀጠሮ አይጠብቁም። ከስድስት ወር በኋላ አዲስ የጀመረ ወይም ዓመት ሞልቶት ያልተወ ቅርሻትም መጣራት አለበት።

በቅድሚያ በቤት ውስጥ

የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ የሕፃናት የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2018 በጋራ ያወጡት መመሪያ የሚጀምረው ከአመጋገብ ነው። ሕፃኑን ከሚገባው በላይ አለመመገብ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ መስጠት ይረዳል። በየመሃሉ ማስገሳት፣ ከተመገበም በኋላ 20 እና 30 ደቂቃ ቀጥ አድርጎ ማቀፍም እንዲሁ። ሆዱ ላይ የሚጠብቅ ዳይፐርና ቤት ውስጥ የሚጨስ ሲጋራ ነገሩን ያባብሳሉ። ጡት ማስጣል መፍትሔ አይደለም። የእናት ወተትን በሩዝ ዱቄት ለማወፈር መሞከርም ከንቱ ድካም ነው፤ በወተቱ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ዱቄቱን ያቀጥነዋል። በጡጦ ለሚመገብ ሕፃን ማወፈሪያ የሚጨመረው ሐኪም ሲያዝ ብቻ ነው።

አተኛኘትን በተመለከተ ብዙ ሰው «በጀርባው ከተኛ ትውከቱ ያንቀዋል» ብሎ ይፈራል። እውነታው ተቃራኒው ነው። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን የሚመለሰው ወተት ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። በሆድ ማስተኛት ቅርሻትን ቢቀንስም የድንገተኛ ሞትን አደጋ ይጨምራል። ስለዚህ የሚያቀረሸውም ሕፃን በጀርባው፣ ደልደል ባለና ትራስ በሌለው ፍራሽ ላይ ይተኛል። አሜሪካ ውስጥ ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ የሕፃን መኝታ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2022 በሕግ ተከልክሏል፤ በስጦታ የሚላክልን ዕቃ ውስጥ ካለ ለመኝታ ባንጠቀምበት ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለው መመሪያው ቀጥሎ የሚያነሳው የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂን ነው፤ ምልክቱ ከሪፍለክስ በሽታ ጋር ይመሳሰላልና። የምታጠባ እናት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ከወተት፣ ከቅቤ፣ ከአይብና ከእርጎ ትታቀባለች፤ በዱቄት ወተት የሚያድግ ሕፃን ደግሞ ለዚሁ የተዘጋጀ ልዩ ወተት ይታዘዝለታል። የጾም ምግብ ለለመደ ቤት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ፣ እናትየዋ ሥጋና እንቁላል መብላት መቻሏ ነው፤ መብላትም ይኖርባታል። በዳቦና በብስኩት ውስጥ ወተት ሊኖር ስለሚችል ማሸጊያውን ማንበብ ይጠቅማል።

መድኃኒቶቹ ሸክማቸውን ተወጥተዋል?

የነዚህ መድኃኒቶች ታሪክ የሚያስተምር ነው። ለሕፃናት ሪፍለክስ በሰፊው ይታዘዝ የነበረው ሲሳፕራይድ የልብ ምትን በማዛባቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። በተለምዶ ፕላሲል የምንለው ሜቶክሎፕራማይድ በነርቭ ላይ በሚያስከትለው ጉዳት የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ የመድኃኒቶች ኤጀንሲ ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ ወሰነ። ዶምፔሪዶንም በልብ ላይ ባለው አደጋ ምክንያት በ2014 አገልግሎቱ ተገደበ። በየመድኃኒት ቤቱ የታወቀው ራኒቲዲን ደግሞ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ኤንዲኤምኤ የተባለ ኬሚካል ስለተገኘበት፣ በሚያዝያ ወር 2020 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሙሉ ከገበያ እንዲወጣ ጠየቀ።

አሁን የቀረው ኦሜፕራዞልና ወንድሞቹ ናቸው። እነዚህ ጨጓራ የሚያመነጨውን አሲድ ይቀንሳሉ። የላላውን በር ግን አያጠብቁም። ስለዚህ ሕፃኑ ማቅረሸቱን አያቆምም፤ የሚወጣው ወተት አሲድነቱ ይቀንሳል እንጂ። ወተት ራሱ አሲድን ስለሚያለዝብ ደግሞ ጠብቶ ወዲያው የሚያቀረሸው ከመነሻውም ያን ያህል አሲድ የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት 162 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ላንሶፕራዞልን፣ ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ሰጠ። በሁለቱም ወገን የተሻላቸው 54 በመቶ ሆኑ። ከባድ የጤና ችግር የገጠማቸው ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 10፣ ካልወሰዱት 2 ነበሩ፤ በተለይ የሳንባ ኢንፌክሽን ጎልቶ ታይቷል። የጨጓራ አሲድ ጀርም ገዳይ መሆኑን ላስታወሰ ሰው ይህ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በ2018 የወጣና 792,130 ሕፃናትን የተመለከተ ሌላ ጥናት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት በወሰዱት ላይ የምግብ አለርጂ ከእጥፍ በላይ ሆኖ መገኘቱን ዘግቧል። ይህ ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም፤ ለጥንቃቄ ግን ይበቃል።

ከዚህ ተነስቶ መድኃኒቱን ጨርሶ ማውገዝም ስህተት ነው። የምግብ ቧንቧው በአሲድ ቆስሎ ለተገኘ ሕፃን ሕክምናው እሱ ነው፤ የአሜሪካው አስተዳደርም ኢሶሜፕራዞልን ከአንድ ወር ጀምሮ ላሉ ሕፃናት የፈቀደው ለዚሁ ችግር ነው። የ2018ቱ መመሪያ አሲድ ቀናሽ መድኃኒት የበሽታው ምልክት ላለባቸው ከ4 እስከ 8 ሳምንት እንዲሰጥ ይላል፤ በሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ለሚያቀረሽ ወይም ለሚያለቅስ ሕፃን ግን እንዳይሰጥ ይመክራል።

ሐኪም አይቶ ካዘዘ ወላጅ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ለየትኛው ምልክት ነው? መሻሉ በምን ይታወቃል? የሚቆመው መቼ ነው? መጠኑ የሚሰላው በክብደት ስለሆነ የታላቅ ወንድም ትራፊ ወይም በሻንጣ የመጣ ጠርሙስ አይሰጥም። በመድኃኒት ቤት የሚዘጋጅ ፈሳሽ ጥንካሬው ይለያያልና ሚሊ ግራሙንና ሚሊ ሊትሩን ለይቶ ማጻፍ፣ በሻይ ማንኪያ ሳይሆን በመለኪያ ሲሪንጅ መስጠት ያስፈልጋል። በካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች ከአሲድ የሚጠብቃቸው ሽፋን ስላላቸው መፈጨት የለባቸውም። መድኃኒቱ የሚሰጠው ከመመገቡ ግማሽ ሰዓት ገደማ በፊት ነው። ከተወሰደ በኋላ ሲቋረጥ አሲዱ ለጊዜው ሊያገረሽ ስለሚችል የሚቆመውም ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ነው።

እንጥልና ጥርስ

የማስረዳት ሸክም ለፋብሪካ መድኃኒት ብቻ የተጣለ አይደለም። ሕፃን አስታወከ ተብሎ እንጥሉ ሲቆረጥ፣ ያልበቀለ ጥርሱ ከድዱ ሲነቀል፣ ቅቤ ሲዋጥ ኖሯል። አንዱም ከጨጓራ በር ጋር ግንኙነት የለውም። ውጤቱ መድማት፣ ኢንፌክሽን፣ አንዳንዴም ሞት ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እና 562 በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በሕፃናት ሕይወትና አካል ላይ ጉዳት ማድረስን በወንጀልነት ደንግጓል። በፍቅርና በቅን ልቦና መደረጉ ጉዳቱን አይሽረውም። ማርም ቢሆን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለውን መርዛማ ሕመም ሊያስከትል ይችላልና።

አራስ ለመጠየቅ የምንሄድ ሰዎች ከምክር ይልቅ ጠቃሚ ነገር ማድረግ እንችላለን። ሕፃኑ ጠብቶ ሲያበቃ ተቀብለን ግማሽ ሰዓት ቀጥ አድርገን እንቀፈው፤ እናቱ ትረፍ፣ ትብላ። ትከሻችን ላይ ካቀረሸ ልብሱ ይታጠባል። የክብደት መስመሩ ወደ ላይ እየሄደ እስከሆነ ድረስ ለሕፃኑ የሚያስፈልገው ጥቂት ወራት ነው፤ መስመሩ ከቆመ ወይም ከላይ ከጠቀስናቸው ምልክቶች አንዱ ከታየ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ አንድ ቀን አናሳድር።

ቸር እንሰንብት።